በጎንደር ከፍታ በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ መሥራት፦ ከጠርሙሱ ምርመራ እስከ ንጹሕ ክሪስታል

ለኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጀማሪ ከሃይድራይድ ሰጪዎች (አሉታዊ ሙል ያለውን ሃይድሮጅን ለሌላ ውሁድ ከሚሰጡት) ሁሉ የሚመቸው ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ነው። ነጭ ዱቄት ነው፤ በአልኮል ውስጥ፣ ካስፈለገም በውሃ ውስጥ ይሠራል፤ እንደ ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ ውሃ ሲነካው ቦግ ብሎ አይነድም። አልዲሃይድንና ኪቶንን ወደ አልኮል ይለውጣል። ኤስተርን፣ ካርቦክሲሊክ አሲድን፣ አማይድንና የናይትሮ ቡድንን ግን በተለመደው አሠራር አይነካቸውም። አልዲሃይድና ኪቶን አብረው ካሉ ደግሞ ቀድሞ የሚጠቃው አልዲሃይዱ ነው።

አብዛኛው የላብራቶሪ መመሪያ የሚጻፈው ግን በባሕር ወለል አካባቢ ለሚሠራ ሰው ነው። ጎንደር 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ወደ 78 ኪሎፓስካል ይጠጋል፤ በባሕር ወለል 101.3 ነው። ይህ ልዩነት የሪዳክሽኑን፣ ማለትም በሃይድራይድ ወደ አልኮል የመለወጡን፣ ኬሚስትሪ አይለውጥም። በግራም የተመዘነ ነገር ያው ነው፣ የመቅለጫ ነጥብም ያው ነው። የሚለወጡት የጋዝ መጠንና የመፍሊያ ነጥብ ናቸው። ሪኤጀንቱ፣ ማለትም ቦሮሃይድራይዱ፣ ደኅና መሆኑን የምናውቀው በሚወጣው የሃይድሮጅን ጋዝ ነው፤ አደጋው ያለውም በዚያው ጋዝ ነው። ስለዚህ መመሪያ ስታነቡ በሚሊሊትር ጋዝና በመፍሊያ ሙቀት የተሰጠውን ቁጥር ሁሉ ቆም ብላችሁ ወደ ጎንደር መልሱት።

ከዚህ በታች ያለው ሙሉ ሥራ ቤንዞፊኖንን ወደ ቤንዝሃይድሮል መለወጥ ነው። ይህን የመረጥነው መነሻውም ውጤቱም ጠጣር ስለሆኑ፣ ሁለቱም በአልትራቫዮሌት መብራት ስለሚታዩና የመቅለጫ ነጥባቸው በግልጽ ስለሚለያይ ነው፤ የመጀመሪያው 48 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ሁለተኛው ከ65 እስከ 67።

ጠርሙሱን መመርመር

በማስተማሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ደጋግሞ የተከፈተ ነው። ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ እርጥበት ይስባል፤ በክረምቱ ወራት ክዳኑ ሳይዘጋ ከቆየ ይረጥባል፣ ይጓጉላል፣ ሃይድሮጅኑን እየለቀቀ ቀስ በቀስ ወደ ቦሬት ይለወጣል። ቦሬቱም ነጭ ዱቄት ስለሆነ በዓይን አይለይም። አንድ ቀን ሙሉ ሠርቶ መነሻውን ቤንዞፊኖን መልሶ ከመሰብሰብ ይህችን የሩብ ሰዓት ምርመራ ማስቀደም ይሻላል።

ሚሊግራም በሚያነብ ሚዛን 25 ሚሊግራም መዝኑና በትንሽ ፍላስክ ውስጥ በ5 ሚሊሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙት። የፍላስኩን አፍ በላስቲክ ክዳን ዝጉ፤ ከጎኑ የሚወጣውን ቱቦ ውሃ ተሞልቶ በሳፋ ውስጥ ወደተደፋ የ100 ሚሊሊትር ሲሊንደር አስገቡ። ከዚያ በሲሪንጅ 5 ሚሊሊትር 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በቀስታ በክዳኑ በኩል ስጡ። መፍላቱ ሲያቆም ፍላስኩ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሲሊንደሩን ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ የውስጡንና የውጭውን ውሃ እኩል ካደረጋችሁ በኋላ አንብቡ። ከንባቡ 5 ሚሊሊትር ቀንሱ፤ የገባው አሲድ ያንኑ ያህል አየር ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ አስገብቷል።

ንጹሕ ከሆነ 25 ሚሊግራም 2.64 ሚሊሞል ሃይድሮጅን ይሰጣል። ይህ በጎንደር፣ በ20 ዲግሪ፣ በውሃ ላይ ሲሰበሰብ 85 ሚሊሊትር ገደማ ነው። በባሕር ወለል ቢሆን 65 ብቻ ይሆን ነበር። መጠንቀቅ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው፦ የባሕር ወለሉን ቁጥር ይዞ የሚሠራ ሰው 65 ሚሊሊትር ሲያነብ ሪኤጀንቱ ምንም እንዳልጎደለበት ያምናል፤ በእኛ ግፊት ግን ያ ንባብ ማለት ሩብ ያህሉ ሞቷል ማለት ነው። ከ80 ሚሊሊትር በላይ ካገኛችሁ ያለ ሐሳብ ሥሩ። ከ60 እስከ 80 ባለው መካከል ክብደቱን በጎደለው ልክ ጨምራችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ከ60 በታች የሆነውን ለትምህርታዊ ሥራ አትመኑት።

ስሌቱን በትክክለኛው የዕለቱ ግፊት መሥራት ከፈለጋችሁ ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ባሮሜትር ተጠቀሙ። የስልክ የአየር ጠባይ መተግበሪያ የሚያሳየው ግፊት ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ነው፤ ጎንደር ተቀምጣችሁ 1,015 ሄክቶፓስካል የሚነግራችሁ ለዚህ ነው። በዚያ ቁጥር ያሰላችሁት ሁሉ ይሳሳታል።

ምን ያህል እንመዝን

አንድ ሞል ቦሮሃይድራይድ አራት ሃይድራይድ ስላለው በሒሳብ አራት ሞል ኪቶን ወደ አልኮል መለወጥ ይችላል። በተግባር ግን የተወሰነው በአልኮሉ ይባክናል፤ የመጨረሻዎቹ ሃይድራይዶችም ይዘገያሉ። ለተራ አልዲሃይድ ከሒሳቡ አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃል። ቤንዞፊኖን በሁለት የቤንዚን ቀለበቶች መካከል የተጨናነቀና በእነሱም የተረጋጋ ኪቶን ስለሆነ ሁለት እጥፍ እንሰጠዋለን።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 3.64 ግራም ቤንዞፊኖን፣ ይህም 20 ሚሊሞል ነው፤ 40 ሚሊሊትር 96 በመቶ ኢታኖል፤ 0.40 ግራም ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ፣ ማለትም 10.6 ሚሊሞል፤ 2 ሚሊሊትር አሲቶን፤ 2 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 10 ሚሊሊትር ያህል፤ ለማጥሪያ ሄክሴን፤ ብዙ በረዶ። ዕቃው 250 ሚሊሊትር ኮኒካል ፍላስክ፣ ማግኔቲክ ስተረር፣ ቴርሞሜትር፣ ፒፔት፣ የፒኤች ወረቀት፣ የቡክነር ማጥለያና የ400 ሚሊሊትር ቢከር ነው። ፈሳሹ 40 ሚሊሊትር ሆኖ ሳለ ፍላስኩ 250 የሆነው ለአረፋው ነው፤ በ100 ሚሊሊትር ፍላስክ አትሞክሩት።

ስለ አልኮሉ አንድ ቃል። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ውሃ ቤንዞፊኖኑን ጠጣር አድርጎ ያስቀረዋል። ለማቃጠያ የሚሸጥና ምን እንደተቀላቀለበት ያልተጻፈበት አልኮልም አይሆንም፤ የተጨመረበት አሲቶን ወይም ሌላ ኪቶን ከሆነ ሃይድራይዳችሁን ቀድሞ ይበላዋል። ሜታኖል ሪኤጀንቱን በደንብ ያሟሟል፣ ሥራውንም ያፈጥናል፤ ነገር ግን ራሱም ከሪኤጀንቱ ጋር እየተዋጋ ሃይድሮጅን ያወጣል። በሜታኖል መሥራት ግድ ከሆነ በበረዶ ላይ ሆኖ፣ መጠኑን ጨምሮ፣ ሳይዘገዩ ነው። በኢታኖል ውስጥ ሪኤጀንቱ ለአንድ ሰዓት ሥራ በቂ ዕድሜ አለው።

ሥራው

መነጽርና ጓንት አድርጉ። በአካባቢው ያለውን ነበልባል ሁሉ፣ የመንፈስ መብራቱንም ጨምሮ፣ አጥፉ። የፊዩም ሁዱን (ጋዝና ጭስ ስቦ የሚያስወጣውን ሳጥን) ክፈቱ።

ቤንዞፊኖኑን በኢታኖሉ ውስጥ እያማሰላችሁ ሙሉ በሙሉ አሟሙ። ፍላስኩን ጥቂት በረዶ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ወደ 15 ዲግሪ አውርዱ። ከዚህ በላይ አታቀዝቅዙት፤ በዜሮ ዲግሪ ቤንዞፊኖኑ መልሶ ይጠጥርና ሪኤጀንቱ የሚያገኘው ነገር ያጣል። ነጭ ክሪስታል መታየት ከጀመረ ፍላስኩን ከውሃው አንሱት፣ ወዲያው ይሟሟል።

ሪኤጀንቱን በደረቅ ወረቀት ላይ ፈጥናችሁ መዝኑ፤ በክረምት በተለይ መዝናችሁ ሻይ ለመጠጣት የምትሄዱበት ነገር አይደለም። በግምት አራት ቦታ ክፈሉትና በየሦስት ወይም አራት ደቂቃው አንዱን ጨምሩ። በእያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ አረፋ ይታያል፣ ሙቀቱም ከፍ ይላል። ከ25 ዲግሪ አታሳልፉት። ስፓቹላው ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ የኮባልት ወይም የኒኬል ጨው የነካ ስፓቹላ ወይም ፍላስክ ሪኤጀንቱን በቅጽበት አፍልቶ ወደ ሃይድሮጅን ይለውጠዋል። ፓላዲየም በካርቦን ያለበት ዕቃ ደግሞ ሃይድሮጅኑን ከማመንጨት አልፎ ሊያቀጣጥለው ይችላል።

ፍላስኩን በፍጹም አትድፈኑ። የተረፈው ሪኤጀንት ብቻ በጎንደር ግፊት 0.7 ሊትር የሚሆን ሃይድሮጅን ሊሰጥ ይችላል። አንድ ሙሉ ግራም ውሃ ውስጥ ቢበሰብስ 3.3 ሊትር ይሆናል። በ1940ዎቹ ሽሌዚንገርና ብራውን በቺካጎ ይህን ውሁድ ሲያጠኑ የአሜሪካ ጦር የፈለገው በሜዳ ላይ ሃይድሮጅን ማመንጫ እንዲሆንለት ነበር። በሪዳክሽን ሥራው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብራውንም በቦሮን ውሁዶች ላይ ባደረገው ምርምር በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ጨምራችሁ ስትጨርሱ ፍላስኩን ከውሃው አውጡና በክፍል ሙቀት ለ60 ደቂቃ እንዲማሰል ተዉት። ማብራት ቢጠፋ አትደንግጡ። ፈሳሹ አንድ ወጥ ስለሆነ በየጊዜው በእጅ ማወዛወዝ ይበቃል፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ጨምሩለት።

ማለቁን በቲኤልሲ፣ ማለትም ውሁዶችን በሲሊካ በተቀባ ሰሌዳ ላይ በሚለየው ምርመራ፣ አረጋግጡ። ከፍላስኩ ጥቂት ጠብታ በትንሽ ቱቦ ውስጥ ባለ ፈዛዛ አሲድ ላይ ጣሉ፣ ጥቂት ኢታይል አሲቴት ጨምራችሁ ናጡ፣ የላዩን ንብርብር በሲሊካው ላይ አስቀምጡ። አራት እጅ ሄክሴን በአንድ እጅ ኢታይል አሲቴት ይሠራል። ቤንዞፊኖን ከፍ ብሎ ይሄዳል፣ ቤንዝሃይድሮል ከታች ይቀራል። በቀጥታ ከፍላስኩ ወስዶ መንካት ልማድ ነው፣ ግን ቦሬቱ ነጥቡን ያስጎትተዋል። የላይኛው ነጥብ ገና ካለ 0.10 ግራም ሪኤጀንት ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

የቲኤልሲ ሰሌዳ በሌለበት ክፍል በቤንዞፊኖን ፈንታ ቢጫውን ኪቶን ቤንዚልን እንመክራለን። 0.5 ግራም ቤንዚል በ5 ሚሊሊትር ኢታኖል፣ 0.1 ግራም ሪኤጀንት። ቢጫው ቀለም በደቂቃዎች ውስጥ ሲጠፋ ሥራው እየሄደ መሆኑን ተማሪው በዓይኑ ያያል፤ የሚገኘው ሃይድሮቤንዞይን 137 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል።

ማቆም

ከሥራው ሁሉ ችኮላ የሚጎዳበት ቦታ ይህ ነው። ምክንያቱን የሚያስረዳው የሪኤጀንቱ ዕድሜ በፒኤች ላይ ያለው ጥገኝነት ነው። በ25 ዲግሪ በውሃ ውስጥ፣ ፒኤች 14 ላይ ግማሹ ለመጥፋት ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ፒኤች 10 ላይ አንድ ሰዓት ገደማ፤ ፒኤች 8 ላይ 37 ሰከንድ፤ ፒኤች 7 ላይ አራት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ፒኤች በአንድ በወረደ ቁጥር ፍጥነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ አሲድ በአንድ ጊዜ ያፈሰሰ ሰው የቀረውን ሃይድሮጅን ሁሉ በቅጽበት ይለቀዋል፤ አረፋው ከፍላስኩ አፍ ወጥቶ ምርቱን ጠረጴዛ ላይ ያፈሰዋል።

ፍላስኩን አሁን በሙሉ በረዶ ውስጥ አስቀምጡ። መጀመሪያ 2 ሚሊሊትር አሲቶን በጠብታ ስጡ። አሲቶን ራሱ ኪቶን ስለሆነ የተረፈውን ሃይድራይድ በጸጥታ ወስዶ አይሶፕሮፓኖል ይሆናል፤ ጋዙም በዚያው ይቀንሳል። አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ 10 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፤ ከዚያ 2 ሞላር አሲዱን ጠብታ በጠብታ፣ አረፋው እስኪበርድ እየጠበቃችሁ። ከ5 እስከ 6 ሚሊሊትር ገደማ ሲገባ የፒኤች ወረቀቱ 6 ያሳያል። እዚያ አቁሙ። አሲዱን ማብዛት ለቤንዝሃይድሮል አይስማማውም፤ ጠንካራ አሲድ ውሃውን አስወጥቶ ወደ ኢተር ሊለውጠው ይችላል።

በዚህ መካከል ማብራት ከጠፋ ፊዩም ሁዱም ቆሟል ማለት ነው። አሲድ መጨመሩን አቁሙ፣ ፍላስኩን በበረዶው ውስጥ ተዉት፣ መስኮት ክፈቱ። በዝግታ መቆየቱ ምርቱን አይጎዳም። በረዶውን ግን ማብራት እያለ ከቀደመው ቀን ጀምሮ በፕላስቲክ ጠርሙስ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ማጥለልና ማጥራት

በ400 ሚሊሊትር ቢከር ውስጥ 120 ሚሊሊትር የቀዘቀዘ ውሃ አዘጋጁና እያማሰላችሁ የፍላስኩን ይዘት በቀስታ አፍስሱበት። ቤንዝሃይድሮሉ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜ በመጀመሪያ ዘይት ይሆናል፤ ኢታኖሉ ስላለሰለሰው ነው። የቢከሩን ግድግዳ ከውስጥ በብርጭቆ ዘንግ ፋቁና በበረዶ ላይ አቆዩት፣ ይጠጥራል። ካለፈው ሥራ የተረፈች አንዲት ክሪስታል ካለች ጣሉበት።

አጥልሉ። በቧንቧ ውሃ የሚሠራ መሳቢያ የምትጠቀሙ ከሆነ ውሃው በድንገት ሲቀንስ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በመካከል ባዶ ፍላስክ ይኑር። ቧንቧው ከደረቀም በተራ ፈነል ማጥለል ይቻላል፣ ጊዜ ብቻ ነው የሚወስደው። ሦስት ጊዜ በ20 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ። ይህን አትዝለሉት፦ ቦሪክ አሲድ በ100 ሚሊሊትር ውሃ 5 ግራም ያህል ስለሚሟሟ በእጥበቱ ይሄዳል፤ ከቀረ ግን በሄክሴን ውስጥ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ያስቸግራል። ቦሮን ቀርቶ እንደሆነ መለየት ከፈለጋችሁ ትንሽ ናሙና በሜታኖልና በጥቂት ጠብታ የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ አርጥባችሁ፣ ከሌላው ሥራ ርቃችሁ፣ አቀጣጥሉት፤ አረንጓዴ ነበልባል ቦሮን አለ ማለት ነው።

በማጥለያ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ። በበጋ የጎንደር አየር በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል፤ በክረምት ካልሲየም ክሎራይድ ያለበት ዴሲኬተር (እርጥበት መምጠጫ የያዘ ክዳናም ዕቃ) ያስፈልገዋል። ምድጃ ውስጥ ከ50 ዲግሪ በላይ አታስገቡት፣ ይቀልጥባችኋል።

ለማጥራት ሄክሴን ተጠቀሙ፣ በሙቅ ውሃ ላይ እንጂ በነበልባል አይደለም። ከፍታችን እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሄክሴን በባሕር ወለል በ69 ዲግሪ ስለሚፈላ ቤንዝሃይድሮሉን ከመሟሟቱ በፊት ሊያቀልጠውና ዘይት ሊያደርገው ይችላል። በጎንደር ግን የሚፈላው 60 አካባቢ፣ ማለትም ከምርቱ መቅለጫ በታች ነው። በጥቂት ሄክሴን ጀምሩ፣ እየፈላ ሁሉም እስኪሟሟ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ በዝግታ እንዲቀዘቅዝ ተዉት። መርፌ የሚመስሉ ነጭ ክሪስታሎች ይወጣሉ። ሙሉው በሒሳብ 3.68 ግራም ነው፤ ከ80 እስከ 90 በመቶው ከተገኘ ጥሩ ሥራ ነው።

ሲበላሽ ምን ሆኖ ነው

የመቅለጫው ነጥብ ዝቅና ሰፋ ካለ፣ ለምሳሌ ከ50 እስከ 60 ከሆነ፣ ያልተለወጠ ቤንዞፊኖን ወይም ያልወጣ ሄክሴን አለ። መጀመሪያ ደግማችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ቲኤልሲ እዩ። 73 አካባቢ ካነበባችሁ ግን ምርቱን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን ጠርጥሩ። በፈላ ውሃ ላይ "100" ብሎ የተስተካከለ ቴርሞሜትር በጎንደር ሰባት ዲግሪ አሳስቶ ያነባል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ነው። ማስተካከያችሁ በሚቀልጥ በረዶና 80 ዲግሪ በሚቀልጥ ናፍታሊን ይሁን።

ሪኤጀንቱ ሲጨመር ምንም አረፋና ሙቀት ከሌለ ጠርሙሱ ሞቷል። አረፋው እጅግ ከበዛና ሪዳክሽኑ ካልሄደ አልኮሉ አሲድ አለበት፣ ወይም ፍላስኩ ውስጥ የኮባልት ወይም የኒኬል ጨው ቀርቷል። ምርቱ ጥሩ ሆኖ መጠኑ ካነሰ የማጥለያውን ፈሳሽ ተመልከቱ፤ ውሃው ስላነሰ ኢታኖሉ ይዞት ሄዷል። ተጨማሪ ውሃ ጨምራችሁ አቀዝቅዙት።

ሌላ ኪቶን ሠርታችሁ ምርቱ ዘይት ከሆነና በሴፓራቶሪ ፈነል ማውጣት ካስፈለገ ዳይኢታይል ኢተርን ተዉት። በባሕር ወለል 35 ዲግሪ የሚፈላው ኢተር በጎንደር 27 አካባቢ ይፈላል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ክፍሉ ራሱ እዚያ ይደርሳል። ሲናጥ ክዳኑን ይወረውረዋል፣ ጭሱም ወለል ላይ ተኝቶ እሳት ይፈልጋል። ኢታይል አሲቴት እዚህ 69 አካባቢ ስለሚፈላ በእርጋታ ይሠራል።

ዳይሜታይልፎርማማይድን ለዚህ ሪኤጀንት መሟሟቻ አታድርጉት፤ ሲሞቅ ሊቆጣጠሩት በማይቻል ኃይል የተበተነበት ጊዜ አለ። ድርብ ቦንድ ከኪቶኑ አጠገብ ካለ ተራው አሠራር ድርብ ቦንዱንም ሊነካ ይችላል፤ ሴሪየም ክሎራይድ በሜታኖል ውስጥ ሲጨመር ሃይድራይዱ ወደ ካርቦኒሉ ያዘነብላል። ሶዲየም ሳያኖቦሮሃይድራይድ በስሙ ቢቀርብም በአሲድ ገዳይ የሃይድሮጅን ሳያናይድ ጋዝ ስለሚያወጣ ከላይ ያለው የማቆሚያ መንገድ ለእሱ አይሠራም።

ማስቀመጥና መጣል

ጠርሙሱን አጥብቃችሁ ከሲሊካ ጄል ጋር በሚዘጋ ከረጢት፣ ከዚያም በዴሲኬተር አስቀምጡ። ከአሲድና ከብረታ ብረት ጨዎች አርቁ። ክዳኑ ላይ የተከፈተበትን ቀንና የመጨረሻውን የጋዝ ንባብ በሚሊሊትር ጻፉ። እሳት ከተነሣበት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውሃ አይደለም።

የማጥለያውን ውሃ ወደ ቆሻሻ ዕቃው ከማዞራችሁ በፊት አንዲት ጠብታ አሲድ ጨምራችሁ አረፋ እንደማያወጣ አረጋግጡ፤ ያም ሆኖ ለአንድ ሌሊት ክዳኑን አላልታችሁ ተዉት። በወረቀትና በስፓቹላ ላይ የቀረውን ዱቄት ወደ ቅርጫት አትጣሉ፤ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሟሙት፣ በፊዩም ሁድ ውስጥ ከአሲቶን ጋር አቆዩት፣ ከዚያ ከቀረው ፈሳሽ ጋር ደባልቁት።